ለቅሶ ቤት የመጣው ቅጸላ

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ሥራ ብርድ ልብስ መጭመቅ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ትልቁን ብርድ ልብስ ሳፋ ውስጥ በእግሬ እየረገጥሁ አጠብሁትና ለብቻዬ ማንሣት ስላቃተኝ ባሌን ጠራሁት። አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ ይዘን በተቃራኒ ጠመዘዝነው። ውኃው በግቢው ድንጋይ ላይ እየተንዠቀዠቀ ወደ ማንጎው ሥር ወረደ። ባሌ እጁ ሲሠራ አፉ ዝም ማለት አይችልም። በዚያ ሳምንት ስለጀመርሁት ስለ ልብ ትምህርት ይጠይቀኝ ጀመር።

"ከቀኙ የታች ክፍል የወጣ ደም ወዴት ይሄዳል?"

"ወደ ሳንባ።"

"ከዚያስ?"

"ወደ ግራው የላይ ክፍል ይመለሳል።"

"በደም ቅዳ ነው በደም መልስ?"

"በደም መልስ።"

"መምህሯ፣ እጅሽ ላልቷል። ደሙ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው።"

እውነትም ጫፉ ከእጄ እያመለጠ፣ ውኃው በክንዴ ወደ ብብቴ ይወርድ ነበር። አጥብቄ ያዝሁት። ገመዱ ላይ አሰጣነውና እሱ የራሰ ሹራቡን ሊቀይር ገባ። በቃ ይኸው ነው። እሑድ ለየብቻችን ዋልን፤ እሱ አባቱ ዘንድ፣ እኔ ከጥናት ቡድኔ ጋር። ሰኞ ማለዳ ለሥራ ከባሕር ዳር ወደ መራዊ ሄደ። የመስኖ ቦይ ቀያሽ ነበር። ማታ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ከመሸንቲ ወዲህ ተገለበጠ።

ስለዚያ ማታ ከዚህ በላይ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ትምህርቴ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ሐዘኔ ይጠይቀኛል፤ ስለ ትምህርቴ የሚጠይቀኝ የለም። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚያበሳጨኝ የትምህርቴ ነገር ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ነበርሁ። ድግሪ ላላቸው ሰዎች የሕክምና ትምህርት ሲከፈት ተፈተንሁና አለፍሁ። ዕድሜዬ ሠላሳን ከተሻገረ ቆይቶ ነበር። ልጅ አልነበረንም፤ "ትምህርቱ ትንሽ ፈቀቅ ይበል" እየተባባልን አቆይተነው ነው። የኔ ደመወዝ ሲቀር በሱ ለመኖር ተስማማን። ሐኪም የምሆነው እኔ፣ የሚቸኩለው እሱ ነበር።

ትምህርቱ የተቀናጀ ይባላል። ቀድሞ የሰውነት አሠራር ለብቻው፣ የሰውነት ቅርጽ ለብቻው፣ ባዮኬሚስትሪም ለብቻው ይሰጥ ነበር። አሁን ሁሉም በአንድ ላይ፣ በአካል ክፍል በአካል ክፍል ይመጣል። አንዱን ክፍል ብሎክ እንለዋለን። የአጥንትና የጡንቻ ብሎክ፣ ቀጥሎ የልብና የሳንባ ብሎክ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። በሳምንቱ መጀመሪያ ስምንት ሆነን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጣለን። የአንድ በሽተኛ ታሪክ የተጻፈበት ወረቀት፣ ማለትም ኬዝ፣ ይታደለናል። አንዱን ገጽ ሳንጨርስ ሁለተኛው አይሰጠንም። "አንድ አዛውንት ገበሬ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ሲመሽ እግራቸው ያብጣል" ይላል። የማናውቀውን እንዘረዝራለን፣ እንከፋፈላለን፣ በሳምንቱ መጨረሻ ተመልሰን እያንዳንዳችን ድርሻችንን ለሌሎቹ እናስተምራለን። አወያይ መምህር አለ፤ አያስተምርም። ሲጠይቁት መልሶ ይጠይቃል።

"እግር ላይ ውኃ የሚጠራቀመው ከልብ ነው ከኩላሊት?" እንለዋለን።

"እናንተስ ምን ይመስላችኋል?"

አጠገቤ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ቀድሞ የላቦራቶሪ ባለሙያ የነበረች ልጅ ትቀመጣለች። ጎንበስ ትልና በጆሮዬ፣ "ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ ደመወዙን ሊቀበል ሲሄድ ገንዘብ ያዧ 'አንተስ ስንት ይመስልሃል?' ብትለው እንዴት ደስ ባለኝ" ትለኛለች። አስተማሪ ስለነበርሁ ቡድኑ ሁሉ ቲቸር ነበር የሚለኝ።

ክፍል ገብተን የምንሰማው ትምህርትም አለ፤ እሱም ቢሆን ከቅንጅቱ ይልቅ መገፋፋቱ ይበዛ ነበር። አንዱ መምህር "ይኼንን ባዮኬሚስትሪ ላይ ታገኙታላችሁ" ይላል። የባዮኬሚስትሪው መምህር በማግስቱ መጥቶ "ይኼንንማ አይታችሁታል" ብሎ ያልፈዋል። ያላየነውን አይተናል ተብለን ተፈተንን። የክንድን ነርቮች ሳልጨርስ ብሎኩ አለቀና ወደ ልብ ተሻገርሁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ምዕራፍ አንድን ጨርሼ ወደ ምዕራፍ ሁለት የምሄድ ሰው ነኝ። ያስተማርሁትም እንደዚያ ነው። ሁሉን ጀምሬ አንዱንም ያልጨረስሁ እየመሰለኝ ቤቴ እገባ ነበር።

ይኼን ለባሌ ስነግረው ሳቀብኝ። "ቅልቅል ነዋ" አለኝ። "ሙሽሮቹ ተጋብተዋል፤ ዘመዶቹ ግን የወንዱ ወገን በአንድ ዳስ፣ የሴቷ ወገን በሌላ ዳስ ተቀምጠው አይነጋገሩም። አንቺ መሐል ለመሐል ወጥ ታመላልሻለሽ።"

እሱ መፍትሔ ያለው ከራሱ ልጅነት የመጣ ነው። አባቱ መሪጌታ ናቸው፤ እሱም ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ቅኔ ቤት ደርሷል። የቃል ትምህርት ተማሪዎች የያዙትን እንዳይረሱ ተሰብስበው እየተቀባበሉ ይሉታል፤ ቅጸላ ይባላል። ማታ ማታ ከራት በኋላ እንደዚያ ያስቀጽለኝ ነበር። እሱ ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ፤ ከተሳሳትሁ ከመጀመሪያው ያስጀምረኛል። ብዙ ጊዜ ተቆጥቼ ተነሥቻለሁ። ኬዝ በቃል አይያዝም፤ ፈተናው የሚጠይቀው "ስሙ ማነው" ብሎ ሳይሆን "ለምን ሆነ" ብሎ ነው። ቢሆንም የሱ ቅጸላ ነው ሁለተኛው ብሎክ ድረስ ያደረሰኝ።

የብሎኩ ሕግ ግልጽ ነው። ከውይይት ቀናት የተወሰነውን ያህል ብቻ መቅረት ይቻላል፤ ከዚያ ያለፈ ብሎኩን ይደግማል። ብሎክ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው፤ አንዱን ሳያልፉ ወደሚቀጥለው መሄድ አይቻልም። ስለዚህ አንድ ብሎክ ማጣት አንድ ዓመት ማጣት ነው። ለሐዘን የሚሰጠው ፈቃድ ሦስት ቀን ነበር። ባል ለሞተባት ሴት በኛ አገር ሦስት ቀን ማለት ገና የለቅሶው መጀመሪያ ነው።

ሐዘን የተቀመጥሁት በአባቱ ግቢ ነው፤ ሐይቁ ዳር ካለው ደብር አጠገብ። መሪጌታን ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፣ እኔም። ፀጉሬን ተቆርጬ፣ ጥቁር ለብሼ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀመጥሁ። የባሌ ታላቅ እኅት፣ እኔ እታለም የምላቸው፣ እንግዳውን ያስተናግዳሉ። ከሰልስቱ በኋላ ድንኳኑ ቢፈርስም ለቀስተኛው አልቀነሰም። ደንገሉ መሐል ሆነው የሚጮኹት ወፎች ይሰሙኛል፤ ከዚያ ውጭ የማስታውሰው የሰው ድምፅ ነው። "እግዜር ያጥናሽ" ይላል፣ ይቀመጣል፣ ይሄዳል።

አንድ ቀን ወደ አመሻሹ ቡድኔ መጣ፣ ሰባቱም። ተራ በተራ አልቅሰው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይታ የላቦራቶሪዋ ልጅ ወደ ፍራሼ ተጠጋች።

"ቲቸር፣ ሼም ነው እንዲህ ማለት፤ አውቃለሁ።"

"ምኑ?"

"የልብ በሮች ያንቺ ድርሻ ነበር። እኛ ከመጽሐፉ አንብበነዋል፣ ግን አልገባንም። ካልከበደሽ... ኬዙን ይዘነው መጥተናል። አንቺም እንዳትቀሪ ብለን ነው።"

ምን እንዳልሁ አላስታውስም። እግሬን አጥፌ ተስተካክዬ መቀመጤን ግን አስታውሳለሁ። በጣቴ ፍራሹ ላይ እየሣልሁ ጀመርሁ። በሮቹ አራት ናቸው፤ ደም ወደፊት ሲገፋ ይከፈታሉ፣ ወደ ኋላ ሊመለስ ሲል ይዘጋሉ፤ አንዱ በደንብ ካልገጠመ ደሙ ያፈገፍጋል፣ ልብም አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራል። እነሱ ይጠይቁኛል፣ እመልሳለሁ። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት አሮጊቶች ወሬያቸውን አቆሙ።

"ምን እያለች ነው?" አሉ አንዷ።

"የልብ በር አራት ነው ትላለች።"

"አራት? የኔ ሟች፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንዱም ተከፍቶለት አያውቅ።"

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሳቁን የሰሙት እታለም ከጓዳ ወጡ። "የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ትምህርት ቤት ከፈታችሁበት?" አሉ። ልጆቹ ወረቀታቸውን ሰብስበው ሊነሡ ሲሉ ከደጅ የኔታ ገቡ። ቆመው አዳመጡና "ተዪያቸው" አሏቸው። "እኛ ተማሪ ሳለን ከመሐላችን አንዱ ሐዘን ከገባበት፣ እሱ ካለበት ድረስ ሄደን እንቀጽል ነበር። ሐዘንተኛ የያዘው ቶሎ ይጠፋዋል። ይቀጽሉ።"

ከዚያ በኋላ የውይይት ቀን በሆነ ቁጥር ከትምህርት ሲወጡ በሁለት ባጃጅ ተጭነው ይመጡ ነበር። በጠረጴዛው ዙሪያ ያደረጉትን ፍራሹ ዙሪያ ይደግሙታል። ኬዙ ሲከፈት የኔን ድርሻ ያመጡልኛል፤ ሲዘጋ እኔ አስተምራቸዋለሁ። የኔታ ባይገባቸውም በራፉ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ትምህርቴ አልተቋረጠም ብዬ አመንሁ። ሰው ሞኝ ሲሆን እንዲህ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አወያዩ አስጠራኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድሁ። ወንበር ሰጠኝ።

"ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው" አለ። "ቡድንሽ ቤት ድረስ እንደሚመጣልሽም ሰምቻለሁ፤ ደስ ይላል። ግን አወያይ ያልተቀመጠበት ውይይት አይቆጠርም።"

"ኬዙ ያው ነው። ሰዎቹም ያው ናቸው። እርስዎ እንደሆነ ዝም ብለው ነው የሚቀመጡት።"

"ዝም ማለትም ሥራ ነው" ብሎ ፈገግ አለ።

"እንግዲያ ምን ላድርግ?"

"አንቺስ ምን ይመስልሻል?"

ከልማድ ነው የወጣው፤ ክፋት አልነበረበትም። ወዲያውም አፍሮ ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ ያነሣ ያስቀምጥ ጀመር። እኔ ግን ያንን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ባል ሞቶብኛል፣ ዓመቴ ሊሄድ ነው፣ መልሱን የያዘው እሱ ነው፣ እሱም መልሶ እኔን ይጠይቀኛል። በመጨረሻ ከሚቀጥለው ውይይት ጀምሮ አንድም ካልቀረሁ ጉዳዬን ለኮሚቴ እንደሚያቀርብ ነገረኝ። ይፈቅዳሉ አላለኝም። አቀርባለሁ ነው ያለኝ።

በዚያው ቀን ለየኔታ ነገርኋቸው።

"የኔታ፣ ነገ ትምህርት ልገባ ነው።"

"አርባው ሳይወጣ?"

"ካልገባሁ ዓመቱን እደግማለሁ።"

"ቅጸላው ይምጣ አልሁ እንጂ አንቺ ውጪ አላልሁም፣ ልጄ።"

"እነሱ ደግሞ እዚህ የመጣውን አንቆጥርም አሉ።"

"እኛስ እዚያ የሄደውን አንቆጥርም ብንል?" አሉ። ቀልዳቸው ይሁን ቁጣቸው ዛሬም አልለየሁትም። ከዚያ "እኔ ሂጂም አልል፣ አትሂጂም አልል" ብለው ወደ ማሳቸው ዞሩ፤ ጓሮ ትንሽ የበቆሎ መደብ አላቸው።

እታለም ግን ዝም አላሉም። "ልጅ አልወለድሽለት። አርባ ቀን መቀመጥ እንኳ አቃተሽ? ሰው ምን ይለናል?"

መልስ ነበረኝ። ትምህርት ግቢ ያለኝ እሱ ነው፣ ልጁንም ያቆየነው በሱ ምክር ነው ልል እችል ነበር። በሞተ ሰው መከራከር አስጠላኝና ተውሁት። ትምህርት ቤቱ ነይ ይላል፣ ቤቱ ተቀመጪ ይላል፤ ሁለቱም ለኔ ሲሉ እንደሆነ ይነግሩኛል።

በማግስቱ ጥቁሬን ለብሼ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥሁ። አዲስ ኬዝ የሚከፈትበት ቀን ነበር። በተራ አንድ አንድ አንቀጽ ነው የምናነበው፤ የመጀመሪያው ተራ የኔ ሆነ። ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብሁት። በመኪና አደጋ ደም ስለፈሰሰው ሰው ነው። ከመራዊ ወደ ባሕር ዳር ሲመጣ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገልብጦ፣ ይላል። ኬዙ ከኛ በፊት በነበሩት ዓመታት የተጻፈ ነው፤ ተማሪው እንዲቀርበው ብለው ነው የምናውቀውን መንገድ ስም የሚያስገቡት። ማንም አላሰበበትም። እንደዚህ ያለውን ነገር ማሰብ የማን ሥራ እንደሆነም አላውቅም።

የላቦራቶሪዋ ልጅ መዳፏን ወረቀቱ ላይ ጣለች። "እኔ ላንብበው።"

"ተራዬ ነው" አልሁ።

እስከ መጨረሻው አነበብሁት። እጁ ይቀዘቅዛል። የልብ ምቱ ፈጥኗል፣ ግን ደክሟል። ውኃ ስጡኝ ይላል። ያለበትን ቦታ ይጠይቃል። ድምፄ አልተሰበረም። ሰሌዳው አጠገብ የቆመው ልጅ የማናውቀውን ሊዘረዝር ጠመኔውን አንሥቶ ጠበቀ። 

"ስንት ጊዜ አለው?" አልሁ። "ደሙ እየፈሰሰ ስንት ጊዜ መቆየት ይችላል? ይኼንን አናውቅም። ጻፈው።"

ጻፈው። አወያዩ ምን ይመስልሻል አላለኝም። ወረቀቱን አቀርቅሮ ይመለከት ነበር። ድርሻ ስንከፋፈል ያንን እኔ ወሰድሁ፤ ሊከለክለኝ የደፈረ የለም።

ሐይቁ ዳር፣ ከጀልባዎቹ ራቅ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቀን ቀን አነበብሁት። ደም ሲጎድል ሰውነት የቆዳንና የአንጀትን መንገድ ይዘጋና የቀረውን ለልብና ለአንጎል ያስቀምጣል፤ እጅ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ልብ የሚፈጥነው ጥቂቱን ደም ደጋግሞ ለማዳረስ ነው። ጥማቱ ከጎደለው ውኃ ነው። የቅርጹ፣ የአሠራሩ፣ የኬሚካሉ ትምህርት ሁሉ አንድ ቦታ መጥተው ተገናኙ። በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይኼ ትምህርት ለምን እንደተቀናጀ ገባኝ። የገባኝ ግን በዚያ በኩል ስለሆነ ከድሮው ይልቅ ተናደድሁ። ባሌን መሬት ላይ ተኝቶ ሲጠማው አየሁት። ማንም ሊነግረኝ ያልደፈረውን መጽሐፉ ነገረኝ።

በሳምንቱ መጨረሻ አስተማርኋቸው። አወያዩ "በጣም ጥሩ" አለ። የመጨረሻው ገጽ ሲታደል የወረቀቱ ሰውዬ ሆስፒታል በጊዜ ደርሶ ድኗል፣ ወደ ቤቱም ተመልሷል። ያንን ገጽ ሌላ ሰው ነው ያነበበው።

ከዚያ በኋላ አንድም ውይይት አልቀረሁም። አርባው ሲወጣ ተዝካሩን አወጣን፤ እታለም ከዚያ በፊትም በኋላም እንደ ድሮው አላናገሩኝም። የብሎኩን ፈተና ተፈተንሁ፤ አለፍሁ፣ ከብዙዎቹም የተሻለ አገኘሁ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ወሰነ። ለቅሶ ቤት የተደረገው ውይይት አልተቆጠረም፤ የቀረሁባቸው ቀናት ከሚፈቀደው አለፉ፤ ፈተናውን ብታልፍም ብሎኩን ትድገም። አወያዩ ከስብሰባው ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ አገኘኝ። "ተከራክሬልሻለሁ" አለኝ። አመንሁት። ግን ልብ የሚመታበትን ሥርዓት ፈተና ላይ በትክክል ጽፌ፣ ለሰባት ሰውም አስተምሬ፣ አልተማርሽም መባሌን የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም። ወይ አላወቅሽም ይበሉኝ፣ ወይ አውቀሻል ይበሉኝ። "አውቀሻል፣ ግን ድገሚ" የሚለውን ነው መዋጥ ያልቻልሁት።

የላቦራቶሪዋ ልጅ ስትሰማ አለቀሰች። "ቲቸር፣ እኛ መጥተን ነው ያጠፋንብሽ። ባንመጣ ኖሮ ቶሎ ትመለሺ ነበር" አለችኝ።

"ባትመጡ ኖሮ አልመለስም ነበር" አልኋት። እውነቴን ነው።

ቡድኔ ወደ ሆድ ብሎክ አለፈ። እኔ የዓመቱን ቀሪ በቤቴ አሳለፍሁ። የኔታ አንድ ቀን መጥተው በረንዳ ላይ ተቀመጡና ተማሪ ቤት ሳሉ አንድ ዜማ ስለ መድገማቸው ሊያጫውቱኝ ጀምረው መሐል ላይ ተዉት። ሊያጽናኑኝ ነበር። መድገምና መድገም እንደማይመሳሰል እሳቸውም የገባቸው ይመስለኛል፤ እሳቸው የደገሙት ስላላወቁት ነው።

አሁን የልብና የሳንባ ብሎክን ከአዲሶቹ ተማሪዎች ጋር እንደገና እማራለሁ። ከሰዓት በኋላ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጬ የመገኘቴን ፊርማ እፈርማለሁ። አንድም ቀን አልቀርም።